ከጎጃም ተነሥቶ ጅቡቲን ለመጎብኘት፦ የጉዞ በጀት አወጣጥ

ጎጃም ውስጥ የጅቡቲን ስም ያልሰማ የለም። ማዳበሪያው የሚገባው በእሷ ወደብ በኩል ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ዘመድ ያለው ደግሞ የሙቀቷን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። ለጉብኝት ብሎ ወደዚያ የሚሄድ ግን እንኳን ከእኛ አካባቢ ከሌላውም ዓለም ጥቂት ነው። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛ የሆነው አሳል ሐይቅ እዚያ ነው። አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚያልቅበት አቤ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው የቆሙት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ተኩል ሊታዩ ይችላሉ።

እዚህ የምጽፈው ስለ ገንዘቡ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ግምት መታረም አለበት፤ “ጎረቤት አገር ናት፣ ብዙ አትፈጅም” የሚለው። ጅቡቲ በእኛ ኪስ ሲለካ ውድ አገር ናት፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። መሬቷ የሚታረስ ስላልሆነ ከቲማቲሙ እስከ ወረቀቱ ከውጭ ይገባል፤ አትክልቱና ፍራፍሬው አብዛኛው ከእኛው አገር ድሬዳዋን አቋርጦ የሚሄድ ነው። አሜሪካ፣ ፈረንሣይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ኢጣሊያ የጦር ሰፈር አላቸው፤ ሆቴሉም ዋጋውን የሚቆርጠው ለእነርሱ እንግዶችና ለወደብ ነጋዴዎች አስቦ ነው። በዚያ ላይ ገንዘባቸው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ በጀቱን ከአውቶቡስ ቲኬት ጀምሮ ወደ ላይ የሚደምር ሰው ድንበር ላይ ሲደርስ ግማሹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አቆጣጠሩ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምር።

አንደኛ፦ ወሩን ምረጡ

ወር መምረጥ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘልቃል፤ አሸዋ የሚያነሣ ደረቅ ነፋስም አለው። በዚያ ወቅት አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ውስጥ ማደር ደብረ ማርቆስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ለኖረ ሰው አይታሰብም። በታኅሣሥና በጥር ግን በአየር ማራገቢያ ብቻ ማደር ይቻላል፤ የአልጋው ዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። ውሃውም፣ ታክሲውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለእኛ አካባቢ ሰው የሚመቸው ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ያለው ነው፤ እህሉ ተሰብስቦ ገንዘብ ከእጅ የሚገባበት፣ ዌል ሻርኩም የሚገኝበት። ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ ያለው የመምህራን የመንፈቅ ዕረፍት ነው። በዚህኛው ጊዜ የሠርግ ጥሪው እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ስለሚደራረብ፣ ገንዘቡ ሳይነሡ በሠርግ ስጦታ ሊያልቅ እንደሚችል አስቡበት። በነቢያት ጾም የሚሄድ ደግሞ ምግቡን አስቀድሞ ያሰላል፤ ዓሣ በጾም የሚበላና የማይበላ አለና፣ ያ ከንስሐ አባት ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የሙስሊሞች የረመዳን ጾም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ቀን ተመልከቱ። በጾሙ ወር ምግብ ቤቱ ቀን ቀን አብዛኛው ዝግ ነው፤ ክፍት የሚሆነው የትልልቅ ሆቴሎች ምግብ ቤት ስለሆነ ለምሳ የያዛችሁት ገንዘብ አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ሒሳቡን በፍራንክ ጻፉ

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ሒሳብ ተቆርጦ የቆመ ነው። ይህ ለበጀት አውጪ ትልቅ እፎይታ ነው። ዛሬ በፍራንክ የጻፋችሁት ቁጥር ከስድስት ወር በኋላም በዶላር ያው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ፍራንክ፣ ዶላር፣ ብር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በእስክሪብቶ፣ ሦስተኛውን በእርሳስ ሙሉ፤ ብሩን በየወሩ እያጠፋችሁ ትጽፋላችሁና።

ለአእምሮ ሒሳብ አንድ ሺህ ፍራንክ አምስት ዶላር ተኩል ከምናምን ነው፤ አሥር ሺህ ፍራንክ 56 ዶላር። ወደ ብር ለመለወጥ የዕለቱን የባንክ መሸጫ ዋጋ ለ177.7 አካፍሉ። ዶላሩ 150 ብር ቢሆን አንድ ፍራንክ 84 ሳንቲም ይመጣል ማለት ነው። ከዚህ የሚነሣ አደጋ አለ፤ ፍራንክና ብር ተቀራራቢ ሲሆኑ ሰው ዋጋውን እንዳለ በብር ያነበዋል፣ የ500 ፍራንክ ሳንቲምም እንደ ዝርዝር ከኪስ ይወጣል። 500 ፍራንክ ወደ ሦስት ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፦ ከመኪናው ጀምሩ

የጅቡቲን በጀት የሚሠራውም የሚያፈርሰውም መኪና ነው። አሳል ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የሚያደርስ የሕዝብ ማመላለሻ የለውም። አቤ ሐይቅ ደግሞ በዲኪል በኩል ታልፎ፣ ከአስፋልት ወጥቶ በድንጋይና በአሸዋ የሚኬድበት ነው፤ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ መያዝ ግድ ነው፤ ዓምዶቹ የሚያምሩት ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ስለሆነ እዚያው ማደር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለአሳል የአንድ ቀን ኪራይ 30,000 ፍራንክ ተጠየቃችሁ እንበል። 169 ዶላር ገደማ ነው። ከላይ ባሰብነው ምንዛሪ ብቻውን የሄደ ሰው ከ25,000 ብር በላይ ይከፍላል። አራት ከሆናችሁ ግን በነፍስ ወከፍ 7,500 ፍራንክ፣ ማለት 6,300 ብር ነው። በአልጋና በምግብ የቱንም ያህል ብትቆጥቡ ይህን ያህል ልዩነት ከአንድ ቀን ውስጥ አታወጡም። ስለዚህ የበጀቱ የመጀመሪያ ጥያቄ “ስንት ብር አለኝ?” ሳይሆን “ከማን ጋር ነው የምሄደው?” ነው። ሦስት ሰው ጥሩ ነው፣ አራት ከሁሉ ይሻላል፤ አምስተኛው ሲጨመር ውሃውና ጓዙ ቦታ ያጣል።

ዋጋ ስትጠይቁ ነዳጅ፣ የሾፌሩ ምግብና አዳር፣ የመንገድ ዳር መቆሚያዎች፣ በአቤ ዳር የሚታደርበት የአፋር ጎጆና እራቱ በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር አንድ በአንድ አስቆጥሩ። ወደ አሳል በሚወስደው መንገድ ላይ የጉቤትን የባሕር ጎድጓዳና በኅዳር 1978 (እ.ኤ.አ.) የፈነዳውን የአርዱኮባን እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ማየት ይቻላል፤ መኪናው የተያዘው ለቀኑ ከሆነ ሾፌሩ እንዲያቆም መጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣም፤ ቀድሞ ካልተነገረው ግን ይጠይቃል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የከተማው ነዋሪም ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቁጥራችሁ ከጎደለ በዚያ ቀን ከሌሎች ጋር መዳበል ይቀላል።

ዌል ሻርኩን ለማየት ጀልባ ያስፈልጋል፤ እሱም እንደ መኪናው በሰው ቁጥር የሚካፈል ነው። ገንዘቡ ሁለቱን ሐይቆችና ጀልባውን የማይችል ከሆነ የእኔ ምርጫ አሳልን ማስቀደም፣ ጀልባውን ማስቀረት ነው። በምትኩ በሕዝብ ጀልባ ወደ ታጁራ ተሻገሩ፤ ከሁሉ ርካሹ የባሕር ጉዞ እሱ ነው። ከተማዋ ትንሽና ጥንታዊ ናት፤ ፈረንሣዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ግመልና ፈቃድ ሲጠባበቅ 1886 (እ.ኤ.አ.)ን አብዛኛውን ያሳለፈው እዚያ ነው። እሱም በጀቱ የፈረሰበት በጥበቃ ነው።

አራተኛ፦ ገንዘብ ያዥ ምረጡ

አራት ጎጃሜ አንድ ላይ ሲሄድ ሒሳብ በመክፈል ይጣላል እንጂ በመካፈል አይጣላም፤ “እኔ ልክፈል፣ ሞቼ እገኛለሁ” የሚባለው ነገር እዚያ አይሠራም። እንደ ማኅበር አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ ይኑር። መኪና፣ አልጋ፣ ውሃና የከተማ ታክሲ ከጋራ ኪስ ይውጣ፤ ለስላሳ፣ ሲም ካርድ፣ ስጦታና ጫት የየራስ ነው። ጸሐፊው በየማታው ያነብባል። የሚነበብ ሒሳብ ካለ ሰው በማግስቱ እጁን ይሰበስባል።

አምስተኛ፦ ከቤት እስከ ድንበር

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደጀን በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ በጀት ስታወጡ የአውቶቡሱን ዋጋ ብቻ አትጻፉ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ጉዞ ሊታጠፍ ይችላል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የመሄጃውን ዋጋ እንደ አማራጭ አጠገቡ ጻፉና ልዩነቱን በመጠባበቂያው ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ላይም ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ አዳር ይታሰብ፤ ዘመድ ቤት የሚያድር ቢሆን እንኳ ባዶ እጁን አይገባምና የስኳርና የፍራፍሬ ገንዘብ ይያዝ።

ከአዲስ አበባ ወዲያ ሦስት መንገድ አለ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ውጭ ባለው ናጋድ ጣቢያ ያወርዳል። የመንገደኛው ባቡር በየቀኑ ስለማይሄድ የመነሻውን ቀን ሳታረጋግጡ ከጎጃም አትነሡ፤ ከናጋድ ወደ ከተማ የሚገባበትን ታክሲም ጨምሩ። ሦስተኛው በአውቶቡስ ድሬዳዋ ገብቶ አድሮ፣ በደወሌ በኩል መሻገር ነው። የቲኬቱ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የድሬዳዋን አልጋ፣ የመንገዱን ምግብና የሚባክነውን ቀን ስትደምሩበት ከባቡሩ ያለው ልዩነት ይጠባል። ዕረፍታችሁ አጭር ከሆነ በባቡር ሄዶ በአውሮፕላን መመለስ ወጪውንም ድካሙንም ያመዛዝናል፤ እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ስድስተኛ፦ ወረቀትና ክትባት

ፓስፖርት የሌለው ከአራት ወይም ከአምስት ወር በፊት ይጀምር፤ አስቸኳይ ፓስፖርት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ለአሳል መኪና የታሰበው ገንዘብ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። የጅቡቲ ቪዛ በኢንተርኔት ወይም አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ይጠየቃል፤ የሚከፈለው በካርድ ከሆነ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ያለው አንድ ሰው ከመካከላችሁ መኖሩን አስቀድማችሁ እወቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ከመሻገር ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ወባን በሚመለከት “ቆላ ወርጄ አውቃለሁ” ብሎ መናቅ አያዋጣም፤ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የተገኘው በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዚያችው በጅቡቲ ነው። የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር ከዚህ ገዝታችሁ ያዙ፤ እዚያ የሚሸጥበት ዋጋ ሌላ ነው።

ሰባተኛ፦ አልጋ፣ ምግብ፣ ውሃ

አልጋ በሰው ቁጥር ሳይሆን በክፍል ይታሰብ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጋሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በከተማው ስለሚኖሩ አማርኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ርካሽ ማደሪያ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። ዋጋው ከመቆረጡ በፊት ክፍሉን ገብታችሁ እዩ፤ ማቀዝቀዣውን አስከፍቱ፣ ቧንቧውን ክፈቱ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ከዚህ አስይዙ፤ የቀረውን እዚያ ሆናችሁ ትደራደራላችሁ።

ለቁርስ ከቤት በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ስንቅ ሙቀት አያበላሸውም፤ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ሆድም ይይዛል፣ ቁርስ የሚባለውን መስመር ከደብተሩ ያስወጣል። ከተማው ውስጥ የፈረንሣይ ረጅም ዳቦ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል። ምሳ ላይ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሽሮና በያይነቱ ያቀርባሉ።

አንድ ጊዜ ግን የየመን ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ነውር ነው፤ በበጀቱ ውስጥ ለብቻው መስመር ይሰጠው። ዓሣው በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በቀይ በርበሬ ቅመም ተቀብቶ ወደ ሸክላው ምድጃ ይወርዳል፤ ዳሩ ጠቆር፣ ውስጡ ነጭ እንደሆነ ይወጣና በጋዜጣ ወይም በወረቀት ላይ ይቀርባል። አብሮት የሚመጣው ቂጣ ጠረጴዛውን ሊሸፍን ይደርሳል፤ ስለዚህ አራት ሰው አራት ዓሣ አይዘዝ። ሁለት ይበቃል። ዋጋው በመጠኑ ስለሚለያይ ዓሣውን ጥሬውን ሳለ እያሳዩ መጠየቅ ነው።

ውሃ በእኛ አገር በበጀት አይገባም፤ እዚያ ግን ከምግብ እኩል መስመር ይይዛል። ከ2,400 ሜትር ከፍታ ከሚኖር ሰው አካል በዚያ ሙቀት የሚወጣው ላብ ብዙ ነው፤ በቀን በሰው ሦስት ሊትር፣ ወደ አሳልና አቤ በሚኬድበት ቀን አራት ሊትር አስቡ። ማታውኑ ከሱቅ ትልልቁን ጠርሙስ ግዙ፤ በመንገድ ላይ ቀዝቃዛውን ትንሽ ጠርሙስ እየገዙ መሄድ ሳይታወቅ ከእራት ይበልጣል። ለሾፌሩም ቁጠሩለት።

የከተማ ጉዞ በሚኒባስ ርካሽ ነው። ታክሲ ሳይገቡ ዋጋ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ማታ ይጨምራል። ከቀትር በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ ሱቁም ቢሮውም ስለሚቀዘቅዝ ገንዘብ መመንዘር፣ ቲኬት መቁረጥና መኪና መነጋገር ከጠዋቱ ይለቅ።

ስምንተኛ፦ ብሩን መሰብሰብና መመንዘር

እቁብ ለብዙ ነገር ደግ ነው፤ ለጉዞ ግን አይመችም። ዕጣው የሚወጣበት ቀን ከቪዛው ቀን ጋር አይገጥምም፤ ቀድሞ የደረሰው ሌላ ጉድጓድ ይደፍንበታል፣ ዘግይቶ የሚደርሰው በተቀነሰ ብር ይቀበላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። በሁላችሁ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ በየወሩ እኩል አስገቡ፤ የብሩን ዓምድ ስታድሱ የወሩን መዋጮም አብራችሁ አስተካክሉ።

የውጭ ምንዛሪውን በፓስፖርት፣ በቪዛና በቲኬት ከባንክ ግዙ። በጓሮ የሚገዛ ዶላር ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሕጋዊ ቢመስልም ድንበር ላይ ደረሰኝ ስትጠየቁ መልስ የለውም። ባንኩ የሰጣችሁን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ብር ይዞ መሻገርም በሕግ የተገደበ ስለሆነ የመጨረሻውን መጠን እዚያው ባንክ ጠይቁ። ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው የከተማው እምብርት አካባቢ ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች ተቀምጠው ታገኛላችሁ፤ ዋጋው የታሰረ ስለሆነ የሚቀንሱባችሁ ጥቂት ነው። ከ177 እጅግ የራቀ ቁጥር የሚጠራ ካለ አልፋችሁ ሂዱ። የተቀደደና የተጻፈበት ዶላር ማንም አይፈልገውም።

ዘጠነኛ፦ የማይነካው ገንዘብ

ጠቅላላው ሲደመር ከሩቡ ያላነሰ መጠባበቂያ ይጨመርበት። አሥር በመቶ በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ መንገዱ በየጊዜው ለሚታጠፍበት ለእኛ አካባቢ ሰው አይበቃም። ከዚህ ሌላ ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቤት የሚያደርሰው ገንዘብ ገና ከመነሻው ተለይቶ፣ የወዲህኛው ክፍል በብር አዲስ አበባ ወይም በባንክ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። ገንዘብ ያዡም ቢሆን አይንካው።

የቀረው የስጦታ ነገር ነው። “ጅቡቲ ሄደ” ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ሽቶና ጨርቅ ይጠብቃል፤ ብዙ ዕቃ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ያስከትላል። ለስንት ሰው ምን እንደምትገዙ ከመነሣታችሁ በፊት በስም ጻፉ፣ ጠቅላላውን በፍራንክ ቁረጡ። አሳል ዳር የአፋር ልጆች የሚሸጡት ክብ ክብ የጨው እንክብል አለ፤ ነጭ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ነው። እርጥበት ስለሚያሟሟው በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ባሕር ዳር ክረምት ሳይገባም ማላቡ አይቀርም።